ባሕር የሚበላው ግዛት፦ ሉዊዚያና መሬቷን ለማቆየት ምን አቀደች፣ ምን ተሳካላት፣ ምንስ ከሸፈባት

የመንግሥት የአየር ንብረት ዕቅድ ማንበብ ያሰለቻል። ብዙዎቹ «ይጠናከራል»፣ «ይሻሻላል»፣ «ትኩረት ይሰጠዋል» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። የትኛው መንደር፣ በስንት ገንዘብ፣ እስከ መቼ የሚለውን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ዕቅድ ግን ካርታ አለው፣ ዋጋ አለው፣ የጊዜ ገደብ አለው። ይህን ቦታ እናድናለን፣ ያንን ግን አንችልም ብሎ ለዜጋው በግልጽ ይናገራል። ይህን በመንግሥት ሰነድ ላይ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ከተጀመረም ወደ 20 ዓመት እየተጠጋ ስለሆነ የተሳካውን ካልተሳካው መለየት ይቻላል።

ጉዳዩን ከሥሩ ልጽፈው የፈለግኩት ለዚህ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ የሠራው አገር

ደቡብ ሉዊዚያና የሚሲሲፒ ወንዝ ሥራ ነው። ወንዙ ከአሜሪካ ዋና ምድር 41 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ውሃ ሰብስቦ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያፈሳል። ውሃው ብቻውን አይመጣም፣ ደለል ይዞ ነው። ባለፉት 7,000 ዓመታት ገደማ በየዘመኑ አፉን እየቀየረ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየፈሰሰ፣ ደለሉን አንጥፎ አንጥፎ ከባሕሩ ላይ መሬት አወጣ። እኛ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ሚሲሲፒም እንዲሁ ዞረ፤ የዞረበት ሁሉ አገር ሆነ።

እኛ ጋ ደለል ሲባል ትዝ የሚለን የታጠበ ማሳና የሞላ ግድብ ነው። ጠላት ነው። ወንዝ አፍ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ደለል ማለት የሚቆምበት መሬት ነው። የግብፅን ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ አፉ ላይ በደለል የሠራውን መሬት፣ ያበጀው ከእኛ ደጋ የታጠበ አፈር መሆኑን እናውቃለን፤ የአስዋን ግድብ ደለሉን ካስቀረ ወዲህ የዚያ ዴልታ ዳርቻም በባሕር እየተበላ ነው። የሉዊዚያና ችግር የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው።

በ1927 ሚሲሲፒ ሞልቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጣ። በማግስቱ ዓመት የፌደራሉ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍልም ወንዙን በካብ አጠረው። ካብ ስል ወንዙን ግራና ቀኝ ተከትሎ የሚሄደውን ረጅም የአፈር ግድግዳ ማለቴ ነው። ሰዎች ተረጋግተው ማደር ጀመሩ። ደለሉ ግን ከዚያ በኋላ ረግረጉ ላይ መውጣት አልቻለም፤ በሁለቱ ካቦች መሃል እየተምዘገዘገ ጥልቁ ባሕር ውስጥ ይገባል።

ችግሩ

ዴልታ ጭቃ ነው። በራሱ ክብደት እየተጫነ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ድሮ ወንዙ በየዓመቱ አዲስ ደለል ስለሚጨምርበት መስመጡና መሞላቱ ይካካሱ ነበር። ካቡ ሲመጣ መሞላቱ ቆመ፣ መስመጡ ቀጠለ። በዚያ ላይ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች ወደ ጉድጓዶቻቸው በጀልባ ለመድረስና ቧንቧ ለመቅበር ረግረጉን በሺዎች በሚቆጠር ማይል ቦይ ቆራረጡት። በየቦዩ የባሕር ጨው ገባ። ጨው የማይችለው ሣር ደረቀ፣ ሥሩ ሲሞት አፈሩን የሚይዝለት ጠፋ፣ አፈሩም ሄደ። አሁን ደግሞ ባሕሩ ራሱ ከፍ እያለ ነው፤ ሀሪኬኖቹም ከሞቀ ባሕር ጉልበት እየወሰዱ ይመጣሉ።

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም እንዳሰላው ግዛቷ ከ1932 እስከ 2016 ድረስ ወደ 5,200 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት አጥታለች። አዲስ አበባን አሥር ጊዜ ያህል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነት ቀነስ ብሏል፤ ያም ሆኖ በተቋሙ ስሌት በየ100 ደቂቃው አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ የሚያህል መሬት ውሃ ይሆናል። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ አንድ ሜዳ ጠፋ ማለት ነው።

«ረግረግ አይደል እንዴ፣ ቢጠፋ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ያ ረግረግ ማዕበሉ ከተማ ሳይደርስ ጉልበቱን የሚጨርስበት ሜዳ ነው። ሽሪምፑና ዓሣው የሚያድገውም እዚያ ሣር ሥር ነው። ከባሕር የሚመጣው የነዳጅና የጋዝ ቧንቧም የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው።

በኦገስት 2005 ሀሪኬን ካትሪና መጣ። የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ ግድግዳዎች ተሰበሩ፤ የከተማዋ 80 በመቶ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። ወር ሳይሞላው ሪታ የሚባለው ደግሞ የግዛቷን ምዕራባዊ ጠረፍ መታ። መሬት ማጣቱ በፊትም ይታወቅ ነበር፣ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ጮኸውበታል። ሰው የሰማው ግን ያኔ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ የተነካው የመሥሪያ ቤቱ አወቃቀር ነው፤ እኔ ትልቁ እርምጃ ይህ ይመስለኛል። ከካትሪና በፊት ካብ የሚሠራው ሌላ፣ ረግረግ የሚንከባከበው ሌላ ነበር፣ አንዱ ስለሌላው ግድ አልነበረውም። በ2005 መጨረሻ የግዛቱ ምክር ቤት ሁለቱን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያይ የጠረፍ ጥበቃና ማገገሚያ ባለሥልጣን አቋቋመ። ባለሥልጣኑ የ50 ዓመት ማስተር ፕላን እንዲያዘጋጅና በየአምስት ዓመቱ እንዲያድሰው ታዘዘ፤ በኋላ ስድስት ዓመት ሆነ። ምክር ቤቱ ዕቅዱን ይቀበላል ወይም ይጥላል እንጂ ውስጡ ገብቶ ፕሮጀክት መቀየር አይችልም። እያንዳንዱ ተወካይ የሰፈሩን ካብ ልጨምር ቢል ዕቅዱ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

የ2007ቱ የመጀመሪያ ሰነድ አቅጣጫ ከማሳየት ብዙም አላለፈም። ለውጡ የመጣው በ2012 ነው። ባለሙያዎቹ ወደ 400 የሚጠጉ የፕሮጀክት ሐሳቦችን ሰበሰቡና የወንዙን፣ የማዕበሉን፣ የሣሩን፣ የመሬት መስመጡን ጠባይ በሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ አሳለፏቸው። ለሁሉም የቀረበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ ከ50 ዓመት በኋላ ስንት መሬት ታቆያለህ? ከስንት የጎርፍ ጉዳት ታድናለህ? በዚህ ወንፊት አልፈው 109 ፕሮጀክቶች ተመረጡ፣ ጠቅላላ ዋጋቸው 50 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። ምክር ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ አጸደቀው። በ2017 ዕቅዱ ታድሶ 124 ፕሮጀክት ያዘ፣ በ2023 ደግሞ 77።

ገንዘቡ ግማሽ ለግማሽ ገደማ ይከፈላል። አንደኛው ግማሽ መሬት ለመሥራት ነው፦ ከባሕር ወለል ጭቃ ቀድቶ ረግረግ መሙላት፣ ከጠረፉ ፊት የሚቆሙትን የአሸዋ ደሴቶች ማደስ፣ የወንዙን ደለል ወደ ረግረጉ መመለስ። ሌላው ግማሽ ሰዉን ከጎርፍ ለመጠበቅ ነው፤ ካብና የማዕበል በር ብቻ ሳይሆን የሰው ቤትም እዚህ ውስጥ ይገባል። በ2017ቱ ዕቅድ ጎርፉ ከ1 እስከ 4 ሜትር ገደማ ሊደርስበት የሚችል ቤት በእግር ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከሆነ ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ መንግሥት ቤቱን ገዝቶት ሰውየው ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? በ2006 የግዛቷ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ከባሕር ላይ ነዳጅ ከፌደራል መንግሥት የሚመጣው ገቢ ለጠረፉ ብቻ እንዲውል በሕገ መንግሥቱ አስገባ። ትልቁ ገንዘብ ግን የመጣው ከአደጋ ነው። በ2010 የቢፒ ኩባንያ የነዳጅ ጉድጓድ ባሕር ውስጥ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፣ ዘይቱ ለወራት ጠረፉን በከለ። ኩባንያው ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ፣ ፍርድ ቤትም በ2016 ስምምነቱን አጸደቀው፤ ለተፈጥሮ ማገገሚያ ከተያዘው ትልቁ ድርሻ፣ 5 ቢሊዮን ገደማ፣ ለሉዊዚያና ደረሰ። ክፍያው የሚመጣው በዓመት በዓመቱ ነው፤ በ2030ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያልቃል።

አንድ ቁጥር ደግሞ ረጋ ብላችሁ እዩት። በ2023ቱ ዕቅድ መሠረት ምንም ካልተሠራ በ50 ዓመት ውስጥ የሚጠፋው መሬት ከ2,800 እስከ 7,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ባሕሩ አካሄድ። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ቢፈጸም የሚያተርፈው ወይም አዲስ የሚሠራው ከ800 ብዙ አያልፍም። መንግሥት 50 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ፣ ይህ ሁሉ ወጥቶም ብዙው መሬት ይሄዳል ብሎ በራሱ ሰነድ ጽፏል።

የተሳካው

በባራታሪያ ሐይቀ ባሕር ውስጥ ኩዊን ቤስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ቡናማው ፔሊካን የሚባለው የውሃ ወፍ የግዛቷ አርማ ነው፤ በ1960ዎቹ ግን በተባይ ማጥፊያ መርዝ ምክንያት ከሉዊዚያና ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ከፍሎሪዳ ጫጩት እያመጡ መለሱት፣ እሱም ኩዊን ቤስ ላይ ጎጆ ሠራ። ከዚያ ደሴቷ እየሰመጠች ሄደች። በ2010 ደግሞ የቢፒ ዘይት ደረሰባት። 15 ሄክታር ከነበረው ለወፎቹ ጎጆ የሚሆነው 2 ሄክታር ብቻ ቀረ።

በ2019 መኸር ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን አሳድገው ሲሄዱ መሣሪያው ገባ። ከሚሲሲፒ ወለል የተዛቀ አሸዋ በጭነት ጀልባ ተጭኖ መጣና ደሴቷ ላይ ተደለደለ። ዙሪያዋን ማዕበል የሚሰብር ድንጋይ ተቀመጠላት። ፔሊካን ጎጆውን ቁጥቋጦ ላይ ስለሚሠራ ቁጥቋጦ ተተከለለት፣ መሬት ላይ ለሚጥሉት ወፎች ደግሞ ነጭ ጠጠር ተነጠፈ። መብረር ያልቻሉ ጫጩቶች ውሃ ወርደው መልሰው እንዲወጡበት ተዳፋት ተበጀ። ሥራው ፌብሩዋሪ 2020 ላይ አለቀ። በዚያው ወቅት ወፎቹ በሺዎች ተመልሰው አዲሱ አሸዋ ላይ ጎጆ ሠሩ። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ እወደዋለሁ፤ ትንሽ ነው፣ ልኩ ይታወቃል፣ ያለቀበት ቀን አለው።

ትልልቆቹም አሉ። ባለሥልጣኑ ከተቋቋመ ወዲህ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን የአሸዋ ደሴት ዳርቻ ታድሷል። በኒው ኦርሊንስ ዙሪያ ደግሞ የፌደራል መንግሥት 14.5 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞር የካብ፣ የግድግዳና የበር መከላከያ ሠራ። ካትሪና በመጣችበት በዚያው ቀን፣ ልክ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2021 አይዳ የሚባል ኃይለኛ ሀሪኬን መጣ። መከላከያው ቻለው። ከተማዋ መብራት አጥታ ለቀናት በሙቀት ተሠቃየች፣ በማዕበል ግን አልተጥለቀለቀችም። ከካቡ ውጪ ያሉት ትንንሽ ከተሞችና የዓሣ አጥማጅ መንደሮች እንደዚያ አልታደሉም። የካብ ጣጣው ይህ ነው፤ ዕቅዱ የሰው ቤት ከፍ ማድረግንና ማዛወርን የጨመረውም ለዚህ ነው።

ያልተሳካው፦ ባራታሪያ

የዕቅዱ እምብርት የነበረው ፕሮጀክት ሐሳቡ ቀላል ነው። ካቡን በአንድ ቦታ ክፈቱ፣ በር አብጁለት፣ ወንዙ ሲሞላና ደለሉ ሲበዛ በሩን ከፍታችሁ ጭቃውን ወደ ረግረጉ ልቀቁት፤ ድሮ ራሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ መልሱለት። እንደሚሠራም የሚታይ ማስረጃ አለ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለጎርፍ ማስተንፈሻ ተብሎ በተቆፈረ ዋክስ ሌክ በሚባል ቦይ አፍ ላይ፣ ማንም ሳያቅደው፣ ከ1973ቱ ጎርፍ በኋላ አዲስ ዴልታ ብቅ ብሎ እስከ ዛሬ እያደገ ነው።

በዚህ ሐሳብ ከኒው ኦርሊንስ በታች፣ በወንዙ ምዕራብ በኩል፣ ወደ ባራታሪያ የሚያፈስ የደለል መልቀቂያ ታቀደ። በሰከንድ እስከ 2,100 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያሳልፍ ተነደፈ፤ በ50 ዓመት ወደ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት እንዲሠራ። ጥናቱና ፈቃዱ ዓመታት ወሰደ፣ ዋጋው በየጊዜው እየጨመረ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፣ ትልቁ ድርሻ ከቢፒ ገንዘብ ይሸፈናል ተባለ። የፌደራል ፈቃዱ በ2022 መጨረሻ ተገኘ። በኦገስት 2023 ቁፋሮው በይፋ ተጀመረ።

አሁን ራሳችሁን በአንድ ኦይስተር አርቢ ቦታ አስቀምጡ። ኦይስተር ድንጋይ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ ከተተከለበት አይንቀሳቀስም። ጨው ልኩ ሲሆን ይሰባል። ጣፋጭ ውሃ ለሳምንታት ከተጫነው ይሞታል፣ መሸሽ አይችልም። በ2019 ሌላ የጎርፍ ማስተንፈሻ በር በሁለት ዙር ለ123 ቀን ተከፍቶ በጎረቤት ግዛት ጠረፍ ኦይስተሩ በጅምላ ሲያልቅ እኚህ ሰዎች አይተዋል። የዚህ ፕሮጀክት የፌደራል የአካባቢ ጥናትም አልደበቀም፤ በኦይስተሩ፣ በቡናማው ሽሪምፕና በዶልፊኖቹ ላይ ከባድ ጉዳት ይደርሳል፣ ከካቡ ውጪ ያሉ አንዳንድ መንደሮችም ጎርፍ ይጨምርባቸዋል ይላል። ግዛቱ ለማካካሻ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር መድቦ ነበር። ግን አባቱም አያቱም ከዚያው ውሃ ላይ ኖረው እሱም ጀልባውን ለልጁ ሊያወርስ ለሚያስብ ሰው ቼክ ምን ይተካለታል? መሬቱ ይተርፍ ዘንድ ሥራዬ ይሙት ወይ ብሎ ቢጠይቅ ክፉ ሰው አያሰኘውም።

የአካባቢው ፓሪሽ (ሉዊዚያና ውስጥ አውራጃ የሚባለው ነው) ፍርድ ቤት ሄደ፣ ሥራው ተጓተተ። በጃንዋሪ 2024 አዲስ አገረ ገዢ ገቡ፤ ፕሮጀክቱ ውድ ነው፣ የአጥማጁን ኑሮና ባህል ያጠፋል ብለው ተቃወሙት። በ2025 የጦሩ የምሕንድስና ክፍል ፈቃዱን አገደ፣ በጁላይ ግዛቱ ራሱ ሰረዘው። ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነበር። አሁን ከዚያ በጣም ያነሰ መልቀቂያና ጭቃ መሙላት ይታሰባል።

መሰረዙ ስህተት ይመስለኛል። ጭቃ እየቀዱ መሙላት ጥሩ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል፤ ነገር ግን የተሞላውም ተመልሶ ይሰምጣል፣ እንደገና ገንዘብ ይፈልጋል። ወንዙ ግን በየዓመቱ በነፃ ያመጣል። ሆኖም ግዛቱ ለመሸነፉ ራሱ አስተዋጽኦ አድርጓል። አጥማጆቹ ስብሰባ ተጠርተዋል፣ አስተያየታቸው ተመዝግቧል፣ ይህን ማንም አይክድም። የተጠሩት ግን የበሩ መጠንና ቦታ በሞዴል ከተወሰነ በኋላ ነው። ማካካሻው በዝርዝር የወጣውም መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ተወስኖ ካለቀ ነገር ላይ አስተያየት ስጥ ሲባል ያውቃል።

ያልተሳካው፦ ደሴቱ

«ሰፈራ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ከባድ ትዝታ አለበት፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ዝርዝር አድርጌ ልጻፈው።

አይል ደ ዣን ሻርል በቴረቦን ፓሪሽ ያለች የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መንደር ናት። ቅድመ አያቶቻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመሬታቸው ሲባረሩ ሸሽተው የገቡባት መጠጊያ ናት። በ1955 ወደ 8,900 ሄክታር ነበረች። ዛሬ የቀራት 130 ሄክታር ገደማ ነው፤ 98 በመቶው ሄዷል። የምትገናኘው በአንዲት መንገድ ብቻ ነው፣ ያውም ውሃው በሁለቱም በኩል ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሆኖ። ከደቡብ ነፋስ ሲነሳ ማዕበል ሳይኖር እንኳ መንገዱ ይሸፈናል፣ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ ሠራተኛ ሥራ አይገባም። ቤቶቹ በረጃጅም እግሮች ላይ ቆመዋል። ጨው የገደላቸው የኦክ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ነጥቶ እንደቆሙ ናቸው።

ለአካባቢው ትልቅ ካብ ሲነደፍ ደሴቷ ውጪ ቀረች፤ ለጥቂት ቤት ብሎ እዚያ ድረስ መዘርጋት ወጪው አያዋጣም ተባለ። ከ2002 ጀምሮ የጎሳው መሪዎች ራሳቸው ሁላችንም አንድ ላይ እንሂድ እያሉ መላ ሲፈልጉ ቆዩ። ቀድመው የተበተኑትን ዘመዶቻቸውን ጭምር ሰብስበው በአንድ ቦታ መኖር ፈለጉ። ሐሳባቸው ቤት ማግኘት ብቻ አልነበረም፣ ማኅበረሰቡን መልሶ ማቆም ነው። በ2016 ሐሳቡ በግዛቱ በኩል የፌደራል ውድድር አሸነፈና 48.3 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። ለአየር ንብረት ለውጥ ሲባል አንድን ማኅበረሰብ በሙሉ ለማዛወር የፌደራል ገንዘብ ሲመደብ በአገሪቱ የመጀመሪያው ተብሎ ተወራለት።

ገንዘቡ ግን የመጣው በግዛቱ እጅ ነው። ግዛቱም በፌደራል የቤት ሕግ መሠረት ቤት በጎሳ አባልነት መስጠት አልችልም፣ ዕድሉ ለደሴቷ ነዋሪ ሁሉ ክፍት ይሁን አለ። በደሴቷ የሌላ ጎሳ አባላትም ስለነበሩ ነገሩ ከሕግ አንጻር ምክንያት ነበረው። የጎሳው መሪዎች በበኩላቸው የጸነስነውን ወሰዳችሁብን አሉ። ከደሴቷ ቀድመው የወጡት ዘመዶቻቸው፣ የጋራ ቦታው፣ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት መንገድ፣ ሁሉም ከሐሳቡ ወጣ ብለው ድጋፋቸውን አነሱ። በ2023 መጨረሻ ለፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት የመብት ጥሰት አቤቱታ አስገቡ።

ግዛቱ ከደሴቷ ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሰሜን፣ ሸንኮራ አገዳ ይበቅልበት የነበረ ከ200 ሄክታር በላይ መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ። ገንዘቡ ከተገኘ እስከ መጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ቁልፍ እስኪቀበሉ ስድስት ዓመት ተኩል አለፈ፤ ኦገስት 2022 ነበር። በመሃሉ አይዳ በ2021 መጥቶ ከደሴቷ ቤቶች ብዙዎቹን አፈራረሰ። በአጠቃላይ ከ30 በላይ ቤተሰቦች ተዛውረዋል፣ አዲሱ ቦታ ከፍ ያለና ከጎርፍ የራቀ ነው። ሕይወታቸው ከአደጋ ወጥቷል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደሴቷ ያለው ርስታቸው አሁንም በስማቸው ነው፤ እየሄዱ ዓሣ ሊያጠምዱበት ይችላሉ፣ ቤት ሠርተው ሊኖሩበት ግን አይፈቀድላቸውም።

ለሌላ ቦታ ምን ይወሰድ

ክልልም ይሁን አገር፣ ተመሳሳይ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከዚህ መጀመሪያ ሊወስደው የሚችለው የሥራ አደረጃጀቱን ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት፣ በየጥቂት ዓመቱ በግዴታ የሚታደስ ዕቅድ፣ ለፕሮጀክት ሁሉ አንድ ዓይነት መለኪያ፣ ተወካዮች እንደፈለጉ የማይቆርጡት ሰነድ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሕግና የፈቃድ ጉዳይ ነው። ዕቅዱ ከ2007 ጀምሮ በተለያዩ ፓርቲዎች አገረ ገዢዎች እጅ አልፎ ዛሬ የደረሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ባራታሪያ ቢሰረዝም እንኳ ማስተር ፕላኑ ራሱ አልተሰረዘም።

የሚቀጥለው የጊዜ ነገር ነው። ሞዴሉ 50 ዓመት ያያል፣ ኦይስተር አርቢው የዘንድሮን ምርት ያያል፣ አገረ ገዢው አራት ዓመት ያያል። ጥቅሙ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳቱ ግን ነገ የሚጀምር ፕሮጀክት የሚያቅድ ሰው ማካካሻውን ከቁፋሮው በፊት ሰው እጅ ላይ ማድረስ አለበት። ከውሃው የሚፈናቀለው አጥማጅ በሩ ሳይከፈት አዲሱ የእርባታ ቦታ ተተክሎለት፣ ጀልባው ታድሶለት ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ይህን ያህል ይከር ነበር? አይመስለኝም።

ማዛወርን በተመለከተ ደሴቷ የምታሳየው አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት፦ ገንዘቡ በማን ስም ይመጣል? ሐሳቡ የማኅበረሰቡ፣ የባንክ ሂሳቡ የመንግሥት ከሆነ ውሎ አድሮ ሐሳቡም የመንግሥት ይሆናል። ማን ይገባል፣ ማን አይገባም፣ የድሮው ርስት ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ተስማምተው ያለቁ መሆን ነበረባቸው። እዚህ ጉዳይ ላይ የተነሱት ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ሕግ መጥቀስ ጀመረ። ስድስት ዓመት መቆየቱም ራሱ ጉዳት ነው። ሀሪኬን ቀጠሮ አይጠብቅም።

የገንዘብ ምንጩም ያሳስበኛል። ጠረፉን ለመጠገን የዋለው ብዙው ገንዘብ ከነዳጅ ነው፤ ከፊሉ ከገቢው፣ ከፊሉ ከአደጋው ካሳ። የካሳው ክፍያ ሲያበቃ ዕቅዱ ገና የ50 ዓመቱን ግማሽ አልሄደም። እስከዚያ ሌላ ቋሚ ምንጭ ካልተገኘ በየዓመቱ የሚሰምጠውን መልሶ ለመሙላት እንኳ አይበቃም።

ቀጣዩ ማስተር ፕላን በ2029 መውጣት አለበት። እኔ መጀመሪያ የምገልጠው የባራታሪያን ገጽ ነው፤ ያ ሳይሠራ የቀረው 54 ካሬ ኪሎ ሜትር በምን እንደተተካ ለማየት።